ጅራት ያልነበረው ክንፍ፦ ከዐባስ ኢብን ፊርናስ እስከ ድሮን

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ፤ ለኅትመት እንዲመች በጥቂቱ የተስተካከለ)





በዒድ ጧት ሰዉ ተክቢራ እያለ ወደ መስገጃው ሜዳ ሲጎርፍ፣ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከሰማይ አንድ እንግዳ ድምፅ እንሰማለን። የንብ ጥዝታ ይመስላል። ቀና ስንል ከሳህን ብዙም የማትበልጥ፣ በአራት ማዕዘኗ ክንፍ የሚሽከረከርባት ነገር፣ ካሜራዋን ወደ ታች አድርጋ ከሰጋጁ በላይ ቆማ እናያለን። ልጆች ጣታቸውን ቀስረው «አባዬ፣ ሳትወድቅ እንዴት ቆመች?» ይላሉ። አብዛኞቻችን «ድሮን ናት» ብለን እናልፋለን። ስሟን ነገርናቸው እንጂ ጥያቄያቸውን አልመለስንላቸውም።

ጥያቄው ግን የሚናቅ አይደለም። ቅዱስ ቁርኣን በአን-ነሕልና በአል-ሙልክ ምዕራፎች ሰው ወደ ወፎች እንዲመለከትና በአየር ላይ ማን እንደያዛቸው እንዲያስተነትን ይጋብዛል። የልጆቹም ጥያቄ ከዚያው በር የሚገባ ነው። ስለዚህ በዛሬው ዝግጅታችን ድሮን ምን እንደሆነች፣ ከምን ከምን እንደተሠራችና ሰው እዚህ ለመድረስ በየት በየት እንዳለፈ በአጭሩ እንመለከታለን።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ዕዳ አለብን። ከዓመታት በፊት በዚሁ ዝግጅታችን «የመጀመሪያውን አውሮፕላን የሠራው ሙስሊም ነው፤ ዐባስ ኢብን ፊርናስ ይባላል» ብለን በድፍረት ተናግረን ነበር። አንድ አዛውንት አድማጫችን «ከየትኛው ኪታብ አገኛችሁት?» ብለው ሲጠይቁን ግን የምናሳያቸው ነገር አልነበረንም። ከሰው ሰምተን፣ ደስ ስላለን ብቻ ያወራነው ነበር። ዛሬ ያንን ስህተት እናርማለን። እንደምታዩትም ስህተትን ማረም ራሱ የዛሬው ርእሳችን ዋና ጉዳይ ነው።

የቁርጡባው ሰው

ዐባስ ኢብን ፊርናስ በእርግጥ የነበረ ሰው ነው። ዘሩ ከበርበር ሲሆን የተወለደው በአንደሉስ፣ በዛሬዋ ደቡብ ስፔን በሮንዳ አካባቢ ነው። የኖረው የኡመያ አሚሮች መዲና በነበረችው በቁርጡባ (ኮርዶባ) ሲሆን፣ ያረፈውም በ274 ዓመተ ሒጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ887 ነው። ገጣሚም፣ የከዋክብት ተመልካችም፣ የእጅ ባለሙያም ነበር። የውሃ ሰዓት ሠርቷል። በቤቱ ውስጥ ከዋክብትን፣ ደመናንና መብረቅን የሚያሳይ ሰው ሠራሽ ሰማይ አበጅቶ እንግዶቹን ያስደንቅ እንደነበር ተጽፏል።

የበረራውን ታሪክ ያቆየልን የትለምሳኑ የታሪክ ጸሐፊ አሕመድ አል-መቀሪ ነው። ኢብን ፊርናስ ሰውነቱን በላባ ሸፍኖ፣ ሁለት ክንፍ ለራሱ አበጅቶ፣ ወደ አየር ተወረወረ። ጥሩ ርቀትም በረረ። ሲያርፍ ግን ጀርባው ክፉኛ ተጎዳ። አል-መቀሪ ምክንያቱንም ይነግረናል፤ ወፍ ስታርፍ በጅራቷ እንደምትረዳ ኢብን ፊርናስ አላስተዋለም፤ ለራሱም ጅራት አላበጀም።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባናል። አል-መቀሪ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1632 ነው። ይህም ማለት ከኢብን ፊርናስ ሞት ከ700 ዓመት በላይ ቆይቶ የጻፈ ሰው ነው። ሆኖም ወሬው ከንቱ አይደለም። በዘመኑ በቁርጡባ ቤተ መንግሥት የነበረው ባለቅኔ ሙእሚን ኢብን ሰዒድ በግጥሙ ስለዚሁ በረራ ጠቅሷል። ይህ ባለቅኔ ደግሞ የኢብን ፊርናስ ወዳጅ ሳይሆን የሚተቸው ሰው ነበር። ተቺው የመሰከረለት ነገር ክብደት አለው።

እንግዲህ ማለት የምንችለው ይህንን ያህል ነው፦ በ9ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ሙስሊም ሊቅ ክንፍ አበጅቶ ሞክሯል፤ ጥቂት ተንሳፍፎም ወድቋል። ሞተር አልነበረውም፤ አውሮፕላንም አልሠራም። «አሥር ደቂቃ በረረ» እየተባለ የሚወራውም በአል-መቀሪ ጽሑፍ ውስጥ የለም። በባግዳድ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ሐውልት ቆሞለታል፤ በጨረቃ ላይ የሚገኝ አንድ ጎድጓዳ ስፍራም በስሙ ተሰይሟል። እውነተኛ ሥራው ለክብሩ ይበቃዋል፤ የኛ ጭማሪ አያስፈልገውም።

ያልተወረሰ ስህተት

ከኢብን ፊርናስ በኋላም የሞከሩ አሉ። በ1000 እ.ኤ.አ. አካባቢ፣ «አስ-ሲሓሕ» በተባለው የዐረብኛ መዝገበ ቃላቱ የሚታወቀው ኢስማዒል አል-ጀውሃሪ በፋርስ ምድር በኒሳቡር ከተማ ከመስጊድ ጣሪያ ላይ ክንፍ አስሮ ዘለለ፤ ወድቆም ሞተ። በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ በእንግሊዝ አገር በማልመዝበሪ ገዳም ይኖር የነበረ ኤይልመር የተባለ መነኩሴ በእጅና በእግሩ ክንፍ አስሮ ከማማ ላይ ዘለለ። ከ200 ሜትር ያላነሰ ርቀት ከተንሳፈፈ በኋላ ወድቆ ሁለት እግሮቹን ሰበረ፤ ቀሪ ዘመኑንም እያነከሰ ኖረ። የገዳሙ ታሪክ ጸሐፊ እንደተወልን፣ ይህ ሰው የውድቀቱን ምክንያት ሲጠየቅ «ጅራት ማበጀት ረስቼ ነው» ይል ነበር።

ውድ አንባብያን፣ ነገሩን ልብ በሉት። በቁርጡባ አንድ ሰው ጅራት ስላልነበረው ወደቀ። ከ100 ዓመት በላይ ቆይቶ በእንግሊዝ ሌላ ሰው በዚያው ምክንያት ወደቀ። የመጀመሪያው የከፈለበት ትምህርት ለሁለተኛው አልደረሰውም። ክንፉን ሁሉም ያውቀው ነበር፤ ወፍ ላይ ይታያልና። የጠፋው የስህተቱ ማስታወሻ ነው።

ጅራት ለምን ያስፈልጋል? የቀስትን ጫፍ አስቡ። ከኋላው ላባ ያልታሰረበት ቀስት በአየር ላይ ይገለባበጣል፤ ላባ ያለው ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አፍንጫው ወደ ጎን ሊዞር ሲል አየሩ የኋላውን ላባ ገፍቶ ይመልሰዋል። የአውሮፕላንም ጅራት ይህንኑ ይሠራል፤ ከመስመር ሲወጣ ይመልሳል። ክንፍ ያነሳል፤ ጅራት ያርማል። የሚያርመው የሌለ ነገር ለጥቂት ጊዜ ቢነሳም መውደቁ አይቀርም።

የባግዳድ ወንድማማቾች

ራሱን በራሱ የሚያርም ነገር መሥራት ይቻላል? ኢብን ፊርናስ በቁርጡባ በኖረበት በዚያው ክፍለ ዘመን፣ በባግዳድ ሦስት ወንድማማቾች ይህንን ጥያቄ በውሃና በዘይት ይመረምሩ ነበር። ሙሐመድ፣ አሕመድና አል-ሐሰን ይባላሉ፤ በታሪክ «በኑ ሙሳ»፣ የሙሳ ልጆች ተብለው ይታወቃሉ። አባታቸው ሲሞት ኸሊፋ አል-መእሙን አሳደጋቸው፤ በበይት አል-ሒክማም ከታላላቆቹ ሊቃውንት ተርታ ተሰለፉ። በ850 እ.ኤ.አ. አካባቢ «ኪታብ አል-ሒየል» የተባለ መጽሐፍ ጻፉ። ወደ 100 የሚጠጉ መሣሪያዎችን አሠራር በሥዕል ያስረዳል። ዘይቱ ሲቀንስ ራሱ የሚሞላ ፋኖስ፣ ክሩን ራሱ የሚገፋ ፋኖስ፣ ውሃው በየጊዜው መልኩን የሚቀይር ፏፏቴ ይገኙበታል።

ምስጢሩ ከቤታችን የራቀ አይደለም። ጣሪያችን ላይ ያለውን የውሃ ሮቶ አስቡ። በውስጡ አንዲት ተንሳፋፊ ኳስ አለች። ውሃው ሲሞላ ኳሷ ከፍ ትልና መግቢያውን ትዘጋለች፤ ውሃው ሲጎድል ትወርድና ትከፍታለች። ማንም አይጠብቃትም። የሮቶው ውሃ «ጎደለብኝ» ሲላት ትሰማለች፤ «በቃኝ» ሲላትም ትሰማለች። የበኑ ሙሳ መሣሪያዎችም ተንሳፋፊና መዝጊያ እየተጠቀሙ በዚሁ መንገድ ይሠሩ ነበር። ከእነርሱ በኋላ አል-ጀዘሪ እ.ኤ.አ. በ1206 ባጠናቀቀው መጽሐፉ ይህንን ጥበብ አስፋፍቶታል።

ይህንን ስንል «ድሮንን የሠሩት በኑ ሙሳ ናቸው» ማለታችን አይደለም፤ ያንን ዓይነት ስህተት አንደግምም። የምንለው፣ ድሮንን ከሚያቆሙት ሐሳቦች ዋነኛው፣ ማለትም መጠኑን እየለኩ ጉድለትን ወዲያው ማረም፣ በባግዳድ ከ1100 ዓመታት በፊት በጽሑፍና በሥዕል ሰፍሮ እንደነበር ነው። እነርሱ ጽፈው ስላስቀመጡት ዛሬ ማንበብ ይቻላል።

የተጻፈ ውድቀት

ወደ አዲሱ ዘመን እንለፍ። ኦቶ ሊሊየንታል የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ክንፍ እየሠራ ከኮረብታ ላይ 2000 ያህል ጊዜ ተንሳፍፏል። እ.ኤ.አ. በ1896 ወድቆ ሞተ። ነገር ግን ይህ ሰው የለካውንና ያየውን ሁሉ አትሞ አልፏል። በአሜሪካ ብስክሌት ይጠግኑ የነበሩት ኦርቪልና ዊልበር ራይት ጽሑፉን አነበቡ፤ ሠንጠረዡን ተጠቀሙበት። ሥራቸው ከጠበቁት ውጤት ጋር አልገጥም ሲላቸው በ1901 አየር የሚነፍስበት ሣጥን ሠርተው የክንፍ ዓይነቶችን እንደገና ለኩ።

ወንድማማቾቹ ከሌሎች የተለዩት፣ ችግሩ መነሳት ሳይሆን ሚዛን መጠበቅ መሆኑን ስለተረዱ ነው። በአየር ላይ ያለ ነገር በሦስት መንገድ ሊዛባ ይችላል፦ ወደ ጎን ማዘንበል፣ አፍንጫን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ማድረግ፣ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ መዞር። ሦስቱንም መቆጣጠሪያ አበጁ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 17 ቀን 1903 ኦርቪል በሞተር ለ12 ሰከንድ፣ 36 ሜትር ያህል በረረ። በዚያው ዕለት ዊልበር ለ59 ሰከንድ በረረ።

ያም ሆኖ የሚያርመው የአብራሪው ዓይንና እጅ ነበር። ይህንን ለማሽን ለመስጠት የሞከሩት አሜሪካዊው ኤልመር ስፔሪና ልጁ ሎውረንስ ናቸው። በፍጥነት የሚሽከረከር ነገር አቅጣጫውን በቀላሉ አይለቅም፤ እንዝርት ስታሾር ያየ ሰው ይህንን ያውቃል። ጋይሮስኮፕ የሚባለው መሣሪያ በዚሁ ላይ የተመሠረተ ነው። ሎውረንስ እ.ኤ.አ. በ1914 በፓሪስ አጠገብ ባሳየው በረራ ሁለት እጆቹን ወደ ላይ አነሳ፤ ረዳቱም ክንፉ ላይ ወጥቶ ቆመ። አውሮፕላኑ ያለ ሰው እጅ ራሱን አስተካክሎ ቀጠለ።

ሰው የሌለበት በረራ ከዚያ በኋላ ሩቅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1918 አሜሪካውያን ኬተሪንግ በግ የተባለ፣ አቅጣጫውን በጋይሮስኮፕ፣ ከፍታውን በባሮሜትር የሚጠብቅ የሚበር ቦምብ ሞከሩ፤ ጦርነቱ ስላለቀ አልተጠቀሙበትም። እ.ኤ.አ. በ1935 ደግሞ እንግሊዞች ለተኩስ ልምምድ ዒላማ የሚሆን፣ በሬዲዮ የሚመራ አውሮፕላን ሠርተው «ኩዊን ቢ»፣ ማለትም ንግሥት ንብ አሉት። «ድሮን» የሚለውን ስም ብዙዎች ከዚህ ጋር ያያይዙታል። በእንግሊዝኛ ድሮን ማለት ድንጉላ ንብ ነውና።

የድሮን አካላት

አሁን ወደ ልጆቻችን ጥያቄ እንመለስ። በዒድ ሜዳ ላይ የምናያት ባለ አራት ክንፍ ድሮን እንዴት ትቆማለች?

አካሏ ቀላል አጥንት ነው፤ ከፕላስቲክ ወይም ካርቦን ፋይበር ከሚባል ቀላልና ጠንካራ ነገር ይሠራል። በአራቱ ማዕዘን አራት የኤሌክትሪክ ሞተሮች ተቀምጠዋል። እነዚህ ሞተሮች እንደ ድሮው ሞተር በውስጣቸው የሚፋቅ ካርቦን የላቸውም፤ ስለዚህ ቀላል፣ ፈጣንና ዕድሜያቸው ረጅም ነው። በእያንዳንዱ ሞተር ላይ ተሽከርካሪ ክንፍ አለ። ክንፉ ሲሽከረከር አየሩን ወደ ታች ይገፋል፤ አየሩም በተራው ድሮኗን ወደ ላይ ይገፋታል። ግፊቱ ከክብደቷ ሲበልጥ ትወጣለች፤ ሲያንስ ትወርዳለች፤ እኩል ሲሆን ባለችበት ትቆማለች።

አራት የሆኑበት ምክንያት አለ። ድሪል የያዘ ሰው እንደሚያውቀው፣ መሰርሰሪያው ወደ ቀኝ ሲዞር መያዣው እጅን ወደ ግራ ሊጠመዝዝ ይሞክራል። ድሮኗም አራቱም ክንፎቿ ወደ አንድ ወገን ቢዞሩ ኖሮ አካሏ ወደ ሌላው ወገን ይሽከረከርባት ነበር። ስለዚህ ሁለቱ ወደ ቀኝ፣ ሁለቱ ወደ ግራ ይዞራሉ፤ ጠመዝማዛው ይጣፋል። ፊቷን ማዞር ስትፈልግ አንዱን ጥንድ አፍጥና ሌላውን ታዘገያለች። ወደ ፊት ለመሄድ የኋላዎቹን ታፈጥንና ታጎነብሳለች፤ አየሩ ያኔ ወደ ታችም ወደ ኋላም ይገፋል። መሪም ጅራትም የላትም፤ ሁሉም ነገር የአራት ሞተሮች ፍጥነት ብቻ ነው።

ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬጌ እ.ኤ.አ. በ1907 ሰው የሚይዝ ባለ አራት ተሽከርካሪ መኪና ከመሬት አንስቶ ነበር። ከፍታው ከአንድ ሜትር አይሞላም፤ እንዳይገለበጥም በየማዕዘኑ አንድ ሰው ቆሞ ይደግፈው ነበር። ኃይል አልጎደለውም፤ የጎደለው የሚያርመው ነው። የእነዚያን አራት ሰዎች ቦታ የሚተካ ነገር እስኪገኝ ገና ብዙ ዓመታት ነበሩ።

የተካቸው በድሮኗ ሆድ ውስጥ ያለችው ትንሽ ኮምፒዩተር ናት። ስሜት የሚሰጧት ብዙ መሣሪያዎች አሉ። ጋይሮስኮፑ «ዘነበልሽ፣ ዞርሽ» ይላታል። አክስለሮሜትር የሚባለው የፍጥነቷን ለውጥና ታች የቱ ጋ እንደሆነ ይነግራታል። ባሮሜትሩ የአየሩን ግፊት ለክቶ ከፍታዋን ይገምታል። ማግኔቶሜትሩ ሰሜንን ያሳውቃታል። በስልካችን ቂብላ የምንፈልግበት ፕሮግራም የሚጠቀመውም ይህንኑ መሣሪያ ነው፤ ብረት አጠገብ ስንሆን የሚሳሳትብንም ለዚህ ነው። ጂፒኤስ ደግሞ 20,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች ምልክት ይቀበላል፤ ቢያንስ ከአራቱ ሲያገኝ ያለችበትን ቦታ ያሰላል።

ኮምፒዩተሯ እነዚህን ሁሉ ሰምታ፣ መሆን ከሚገባት ጋር አስተያይታ፣ ለእያንዳንዱ ሞተር «ትንሽ ጨምር፣ ትንሽ ቀንስ» ብላ ታዛለች። ይህንን የምታደርገው በየሰከንዱ በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ ነው። ለዓይናችን ጸጥ ብላ የቆመች ትመስላለች፤ በእውነቱ ግን ያለማቋረጥ እየወደቀች፣ ያለማቋረጥም እየታረመች ነው። የበኑ ሙሳ ተንሳፋፊ የሠራውን ሥራ እርሷ በኤሌክትሪክ ፍጥነት ትሠራዋለች።

ትእዛዝ የሚያደርስላት የሬዲዮ መቀበያ፣ ጉልበት የሚሰጣት የሊቲየም ባትሪ ነው። ባትሪው ቀላል ቢሆንም ቶሎ ያልቃል፤ ትንንሾቹ ድሮኖች በአብዛኛው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያህል ይበራሉ። ክንፏ የማይሽከረከር ድሮን ሞተሯ ቢጠፋ እንኳ ተንሳፍፋ ልታርፍ ትችላለች። ባለ አራቷ ግን ከሞተሮቿ አንዱ ቢቆም አብዛኛውን ጊዜ ትወድቃለች። ከሰው በላይ ማብረር አደገኛ የሚሆነውም ስለዚህ ነው፤ በአገራችንም ድሮን ለማስገባትና ለማብረር ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ለልጆች ስጦታ የምትልኩ ወገኖች አትርሱ።

እነዚህ ስሜት ሰጪ መሣሪያዎች ድሮ ውድና ከባድ ነበሩ። ከጥፍር ያነሱና በርካሽ የሚገኙ የሆኑት በአብዛኛው የእጅ ስልክ በሚሊዮኖች ስለተመረተ ነው። ፓሮት የተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 በስልክ የምትመራ ድሮን ለሕዝብ ሸጠ፤ በ2013 ደግሞ የቻይናው ዲጄአይ ፋንተም የተባለችውን አቀረበ። ከዚያ በኋላ ድሮን የሰርግ ቤት ዕቃ ሆነች።

ማን ይረማት?

ውድ አንባብያን፣ ድሮንን በሰርግና በዒድ ብቻ የሚያውቃት ሰው ዕድለኛ ነው። የበኑ ሙሳ ከተማ በነበረችው በባግዳድ እ.ኤ.አ. በ1937 ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደው አብራሃም ካሬም፣ በልጅነቱ ወደ እስራኤል፣ ኋላም ወደ አሜሪካ ሄዶ በመኖሪያ ቤቱ ጋራዥ ረጅም ሰዓት የምትቆይ ድሮን ሠራ። ከእርሱ ሥራ የተወለደችው ፕሬደተር እ.ኤ.አ. በ1994 ለመጀመሪያ ጊዜ በረረች፤ በ1995 በቦስኒያ ሰማይ ላይ ለቅኝት ዋለች፤ በ2001 በአፍጋኒስታን ሚሳይል ታጥቃ መጣች። መሪዋ በሌላ አህጉር ወንበር ላይ ተቀምጦ በሳተላይት ያዛታል።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 29 ቀን 2021 በካቡል የሆነውን እናስታውስ። የአሜሪካ ድሮኖች አንዲት ነጭ መኪና ለሰዓታት ተከታተሉ። ከላይ የሚመለከቱት ሰዎች የተጫነው ፈንጂ መሰላቸው። መኪናዋ ግቢ ገብታ ስትቆም ሚሳይል ተለቀቀ። 10 ሰዎች ሞቱ፤ 7ቱ ሕፃናት ነበሩ። የተጫነው ውሃ መሆኑ ከጊዜ በኋላ ታወቀ። ጋዜጠኞች ቦታው ድረስ ሄደው ካጣሩ በኋላ፣ መስከረም 17 ቀን የአሜሪካ ጦር ስህተት መፈጸሙን አመነ።

በዚያች ዕለት ድሮኗ አልተሳሳተችም። ጋይሮስኮፑም፣ ጂፒኤሱም፣ ካሜራውም እንደሚገባው ሠርቷል። በየሰከንዱ በመቶ ጊዜ ራሷን ታርማለች። ያልታረመው ከወንበሩ ላይ ያለው ሰው ግምት ነው። ቁርኣን በአል-ሑጁራት ምዕራፍ ወሬ ሲመጣ አጣሩ፣ ሳታውቁ ሰዎችን ጎድታችሁ ኋላ እንዳትጸጸቱ የሚል ምክር ለምእመናን ይሰጣል። ከሰማይ የሚመጣ ሥዕልም ወሬ ነው፤ ማጣራት ይፈልጋል።

ይህንንም ለሌሎች ብቻ የምንናገረው አይደለም። ዛሬ ቱርክና ኢራን የራሳቸውን የጦር ድሮን ይሠራሉ፤ የቱርኩ ባይራክታር ቲቢ2 በብዙ አገሮች ጦርነት ታይቷል። አንዳንዶቻችን የሠራው ሙስሊም በመሆኑ ብቻ ደስ ይለናል። የሚሳይሉ ሠሪ ማንም ይሁን ማን፣ ያለ ማጣራት የተለቀቀ እንደሆነ የሟች እናት ለቅሶ አንድ ነው። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2020 በጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ድሮኖች ውለዋል፤ መሣሪያ ያልያዙ ሰዎችም በጥቃታቸው ሞተዋል። ሩቅ አገር የሚወራ ታሪክ አይደለም።

ያችው ጥበብ ግን ነፍስም ታተርፋለች። በሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2016 ጀምሮ ዚፕላይን የተባለ ኩባንያ ከአገሪቱ መንግሥት ጋር በመሆን ደምን በድሮን ወደ ገጠር ሆስፒታሎች ያደርሳል። ሩዋንዳ ኮረብታማ ናት፤ መንገዱ ይጠማዘዛል፤ በዝናብ ጊዜ ይበላሻል። በወሊድ ደም የሚፈስሳት እናት ደግሞ መንገድ እስኪደርቅ አትጠብቅም። ክንፏ ቋሚ የሆነችው ይህች ድሮን በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትበራለች፤ ከ2 ኪሎ ግራም ያነሰ ጭነት ትይዛለች፤ ከሆስፒታሉ ስትደርስ ሳታርፍ ዕቃውን በወረቀት ጃንጥላ ትጥላለች። ስትመለስም የተዘረጋ ገመድ ይይዛታል። በ2019 ይህ ሥራ በጋናም ተጀምሯል። እዚህም ያው ጋይሮስኮፕ፣ ያው ጂፒኤስ ነው። ልዩነቱ የተጫነውና የላኪው ኒያ ነው።

ለቤተሰቦቻችን

እንግዲህ በሚቀጥለው ዒድ ልጃችሁ «ሳትወድቅ እንዴት ቆመች?» ቢላችሁ፣ «ስህተቷን ቶሎ ታውቃለች፤ ቶሎም ታርማለች» ብላችሁ መልሱለት። ከዚያም የኢብን ፊርናስን ታሪክ ንገሩት። ደፋር እንደነበር ንገሩት፤ እንደወደቀም ንገሩት፤ ጅራት መርሳቱንም አትደብቁት። ልጅ ወድቆ የማያውቅ አባት ብቻ ከተተረከለት፣ የመጀመሪያው ሙከራው ሲሰበር «ይህ ለኔ አልተፈጠረም» ብሎ ይተወዋል። አንዲት ደብተር ግዙለት፤ ሠርቶ ያልሆነለትን ነገር ለምን እንዳልሆነ ይጻፍባት። ከእርሱ ኋላ የሚመጣው እዚያው ቦታ እንዳይወድቅ ያደርገዋል።

ያንን ጥያቄ የጠየቁን አዛውንት ዛሬም እያዳመጡን ከሆነ፣ መልሳችን ዘግይቶም ቢሆን ይኸው ደርሷል፤ ዐውፍ ይበሉን። የተሳሳትነው ካለም እንደዚያን ጊዜው ጠይቁን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።